ቀይዋ መብራት ስትበራ

መብራቷ ከመረቡ ጀርባ ተሰቅላለች። ጥቁሯ ጎማ የግቡን መስመር ባለፈች ቅጽበት ቦግ ትላለች። ጥሩምባው ያጓራል፤ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል። ያገባውን ተጫዋች ጓደኞቹ ከበው ያቅፉታል፤ እየተንሸራተተም ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ሄዶ ከተሰለፉት ሁሉ ጋር ጓንት ለጓንት ይማታል። ካሜራው እሱን ተከትሎ ይሄዳል።

እናንተ ግን አትከተሉት። ዓይናችሁን ከመረቡ ፊት አትንቀሉ። እዚያ አንድ ሰው ከተንበረከከበት ቀስ ብሎ ይነሣል። ዘወር ብሎ በመረቡ ራስ ላይ የተቀመጠችውን የውኃ ኮዳ ያነሣል፤ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፍቶ ይጎነጫል፤ የቀረውን ፊቱ ላይ ይረጨዋል። በጫማው ስለት የቆመበትን በረዶ ይፍቃል። ግራና ቀኙን ቋሚ በዱላው ነካ ነካ ያደርጋል። ከራሱ በላይ የተንጠለጠለው ግዙፍ ስክሪን ስሕተቱን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ በዝግታ እየደጋገመ በሺህ ለሚቆጠር ሰው ያሳያል። ዳኛው ጎማዋን መሐል ሜዳ ላይ ሊጥላት ነው። ያ ሰው ያለችው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው።

የበረዶ ሆኪ በረኛ የሙያ ዕድሜ የሚወሰነው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማዳንማ ሁሉም ያድናሉ፤ ማዳን የማይችል እዚያ ቦታ አይደርስም። የገባችውን ምን እንደሚያደርጋት ግን ማንም አያስተምረውም። አንዱ እዚያው በረዶው ላይ ትቷት ይሄዳል፤ ሌላው ቤቱ ይዟት ይገባል፤ ከእሷ ጋር የሚያድርም አለ።

## ከሩር ወደ ፓክ

ጠማማ ዱላ ይዞ ሩር ማሳደድ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሆኪን መጀመሪያ ሲያይ “ይሄማ ገና ነው” ማለቱ አይቀርም። በካናዳዋ አልበርታ ግዛት፣ በኤድመንተንና በካልጋሪ የሚኖሩ የሐበሻ ወላጆችም ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ኤድመንተን ቅዝቃዜው ወራት ይዘልቃል። በየሰፈሩ ሜዳ ላይ ውኃ ይረጫል፣ ያድራል፣ ይረጋል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዱላቸውን ይዘው እዚያው ናቸው። ልጁን ለቡድን ያስመዘገበ አባት ደግሞ ሳይነጋ ተነሥቶ መኪናውን ያሞቃል፤ ልጁን አዳራሽ አድርሶ፣ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ከመስተዋቱ ጀርባ ይቆማል። አጥቂውን ይረዳዋል። ተከላካዩንም ይረዳዋል። በረኛው ላይ ሲደርስ ግን ግር ይለዋል፤ በረኛ ሲባል ትዝ የሚለው የሰፈር ኳስ ነውና። በሰፈር ኳስ በሁለት ድንጋይ መካከል የሚቆመው ወይ ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ነው፣ ወይ ሩጫ የደከመው። “በረኛ ሁን” መባል ቅጣት ቢጤ ነበር።

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። የሆኪ አሠልጣኞች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ጎበዝ በረኛ የደካማ ቡድንን ገበና ይሸፍናል፣ ደካማ በረኛ ግን የጎበዝ ቡድንን ልፋት ከንቱ ያስቀራል።

መረቡን ላየው ሰው ትንሽ ነው። ስፋቱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር ብቻ። ከእግር ኳሱ ጋር ሲወዳደር የበግ በረት በር ያህል ነው። ችግሩ ወደዚያ የምትመጣው ነገር ናት። ፓክ የሚሏት ጠፍጣፋ ጎማ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፤ ክብደቷ 170 ግራም ቢደርስ ነው። በረዶው ላይ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታድራለች፤ ስትወጣ እንደ ድንጋይ ናት። ኃይለኛ መቺ ሲያገኛት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። ከተከላካዮቹ መቆሚያ፣ ከሰማያዊው መስመር ላይ ብትመታ እንኳ መረቡ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም።

በዚህ ፍጥነት የሚመጣን ነገር አይቶ፣ አስቦ፣ እጅ ዘርግቶ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ በረኛው የሚያነበው ፓኳን ሳይሆን ሰውዬውን ነው፤ የትከሻውን አዘነባበል፣ የዱላውን ምላስ አቅጣጫ፣ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳለ። ያውም ካየው ነው። ተቃራኒዎቹ ሆን ብለው ፊቱ ላይ ይገተራሉ፤ ከጀርባቸው የተመታችውን ፓክ በዱላቸው ጫፍ ነክተው መንገዷን ያስቀይሯታል።

አንድ የቆየ ብልሃት አለ። በረኛው ከመስመሩ ወደ ፊት ይወጣል። በልጅነታችን በኩራዝ ብርሃን እንደምንጫወተው ነው፤ እጃችሁን ወደ ኩራዙ ባስጠጋችሁት ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ይሰፋል። በረኛውም ወደ መቺው በቀረበ ቁጥር መረቡን በሰውነቱ ይጋርድበታል። አብዝቶ ከወጣ ግን አጥቂው ፓኳን ወደ ጎን ያቀብላታል፤ ባዶ መረብ ይጠብቃታል። ምሽቱን ሙሉ ይህን ልክ ሲያሰላ ያመሻል፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ።

እግሩ ላይ የሚያስረው ግዙፍ ገምባሌ ዛሬ ቀላል ነው። ጥንት ግን ከቆዳ ተሰፍቶ የአጋዘን ጠጉር ይጠቀጠቅበት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ፣ ላቡ ሲወርድ ቆዳው እየጠጣ ይከብዳል፤ በሦስተኛው ሃያ ደቂቃ ላይ በረኛው በመጀመሪያው ያሰረውን ሁለት እጥፍ የሚጎትት ይመስለዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ፊታቸው ላይ ምን ያስሩ ነበር? ምንም።

## በባዶ ፊት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1959፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። አንዲ ባትጌት የተባለው የሬንጀርስ አጥቂ የመታት ፓክ የሞንትሪያል ካናዲየንሱን በረኛ ዣክ ፕላንትን ፊቱ ላይ አገኘችው። አፍንጫውና ከንፈሩ ተተረተረ። በረዶው ቀላ።

ፕላንት የኬቤክ ልጅ ነው፤ ከአሥራ አንድ ልጆች የመጀመሪያው። ቤተሰቡ ድኻ ስለነበር እናቱ ሹራብ መሥራት አስተማረችው፤ በመላው ካናዳ ዝነኛ ከሆነ በኋላም ቆቡንና ካልሲውን ራሱ ይሠራ ነበር። አስም ነበረበት። ብቻውን መቀመጥ የሚወድ፣ ነገር የሚያወጣ የሚያወርድ ሰው ነበር። ከመረቡ ወጥቶ ፓክ ለተከላካዮቹ ማቀበልን የተለመደ ነገር ያደረገው እሱ ነው። በልምምድ ላይም ከፋይበር ግላስ የተሠራ ጭንብል ማድረግ ከጀመረ ቆይቷል። ለጨዋታ ግን አሠልጣኙ ቶ ብሌክ አይፈቅዱለትም። ጭንብል ዓይን ይጋርዳል ይላሉ፤ ጭንብል ያደረገ በረኛ ፈራ ይባላል።

ያን ምሽት ሐኪም ቁስሉን ሰፋው። በዚያን ዘመን ቡድኖች ተቀያሪ በረኛ ይዘው አይጓዙም፤ አደጋ ቢደርስ ባለሜዳው የሚያቀርበው አንድ አማተር ነው ያለው። ፕላንት ያለ ጭንብሉ እንደማይመለስ ተናገረ። ብሌክ ምርጫ አልነበራቸውም። ጨዋታው ሲቀጥል ሰዉ ያየው የሥጋ ቀለም ያለው፣ ለዓይንና ለአፍ ብቻ የተበሳ ፊት ነው። ሞንትሪያል 3 ለ 1 አሸነፈ። ጭንብሉ ሳይወልቅ ቡድኑ ያለመሸነፍ ጉዞውን እስከ 18 ጨዋታ አደረሰው። በማርች 1960 አሠልጣኙ አንድ ጊዜ እንዲያወልቅ ለመኑት፤ አወለቀ፣ በዲትሮይት 3 ለ 0 ተሸነፉ። በማግሥቱ መልሶ አደረገው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀውም። ያን ዓመት ካናዲየንስ አምስተኛ ተከታታይ የስታንሊ ዋንጫውን፣ የሊጉን የሻምፒዮንነት ዋንጫ፣ ወሰደ።

ጭንብል ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ግን እሱ አይደለም። ኤሊዛቤት ግርሃም የተባለች የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1927 የሻሞላ ግጥሚያ ጭንብል አድርጋ በር ጠብቃለች። ክሊንት ቤኔዲክትም በ1930 ፊቱ ከተሰበረ በኋላ ለጥቂት ጨዋታ በቆዳ ጭንብል ተጫውቷል። ፕላንት ያደረገው ነገር ጭንብሉን ማስቀጠል ነው።

ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደው ቴሪ ሳውቹክ ደግሞ የዚያ ዘመን ዋጋ በፊቱ ላይ የተጻፈበት ሰው ነበር። ከዊኒፔግ ነው። ታላቅ ወንድሙ በልብ ሕመም ገና በልጅነቱ ሲሞት የወረሰው የእሱን የበረኛ ገምባሌ ነበር። በዚያ ጀመረ። 103 ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር ወጥቷል፤ ይህ ቁጥር በዘመኑ የሚደርስበት የሚኖር አይመስልም ነበር። ላይፍ መጽሔት በ1966 ፎቶውን አወጣ፤ በዘመኑ ሁሉ የተሰፋባቸው ስፌቶች፣ አራት መቶ ያህሉ፣ በሜካፕ ባለሙያ እጅ ፊቱ ላይ አንድ በአንድ ተሥለው። ያን ፎቶ ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ሳውቹክ ዝምተኛ፣ በቀላሉ የሚከፋ፣ መጠጥ የሚያበዛ ሰው ነበር፤ በ40 ዓመቱ፣ በ1970፣ ከቡድን ጓደኛው ጋር በተፈጠረ ግብግብ በደረሰበት ጉዳት ሞተ።

> 502 ጨዋታ ያለ ጭንብል፣ ያለ እረፍት። ከእያንዳንዱ በፊት ግን ሆዱ ይገለበጥ ነበር።

ግሌን ሆል ሌላ መልክ ነው። ከ1955 እስከ 1962 ድረስ 502 ጨዋታ በተከታታይ፣ አንድ ደቂቃ ሳያመልጠው፣ ያለ ጭንብል ቆሟል። ዛሬ ማንም የማይሞክረው ነገር ነው። ከጨዋታ በፊት ግን ያስመልሰው ነበር። ሕመም አልነበረም፤ ፍርሃት ብቻ ነው ለማለትም እቸገራለሁ። ሰውነቱ የሚመጣበትን ያውቃል፤ አውጥቶ ይጨርስና ይገባል።

ጭንብሉ ከተለመደ በኋላ የቦስተኑ ጌሪ ቺቨርስ ነጭ ጭንብል ላይ የስፌት ምልክት መሣል ተጀመረ፤ ፓክ በመታው ቁጥር፣ ጭንብሉ ባይኖር ኖሮ ፊቱ በሚሰፋበት ቦታ ላይ። ጨዋታው በበዛ ቁጥር ጭንብሉ የሳውቹክን ፊት እየመሰለ ሄደ።

## የስፕሩስ ግሮቭ ልጅ

ከኤድመንተን ወደ ምዕራብ በመኪና ጥቂት እንደተሄደ ስፕሩስ ግሮቭ ትገኛለች። የዚያች ከተማ ልጅ፣ በረኛው ግራንት ፉር በ1962 ተወልዶ ገና የቀናት ሕፃን ሳለ ሮበርትና ቤቲ ፉር የተባሉ ነጭ ባልና ሚስት በማደጎ ወሰዱት። ከወላጆቹ አንዱ ጥቁር ነበር። በዚያ ጊዜ በዚያ ሜዳማ አገር በሆኪ አዳራሾች ውስጥ እሱን የሚመስል ልጅ ማግኘት ብርቅ ነበር።

ጥቁር በረኛ ግን ለሆኪ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ታሪኩ ተረስቶ ነው እንጂ። በካናዳ ምሥራቅ ጫፍ፣ በኖቫ ስኮሺያ፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሪዎች በ1895 የጥቁሮች የሆኪ ሊግ መሥርተው ነበር። በዚያ ሊግ ሄንሪ ፍራንክሊን የተባለ የዳርትመዝ በረኛ በረዶው ላይ ወድቆ ፓክ ያድን እንደነበር የሊጉን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ። ዋናው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ኤን ኤች ኤል በ1917 ሲቋቋም የወደቀ በረኛ ይቀጣ ነበር፤ መውደቅ የተፈቀደው በጃንዋሪ 1918 ነው። በኤን ኤች ኤል የተሰለፈው የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ ለቦስተን የገባው በ1958፣ አርባ ዓመት ቆይቶ ነው።

ፉርን በ1981 የመረጠው የአገሩ ቡድን ኤድመንተን ኦይለርስ ነው፤ ገና 19 ዓመት ሳይሞላው። ከብዙዎቹ በረኞች በተቃራኒ ዱላውን በግራ ይዞ በቀኙ ይቀልባል። የእጁ ፍጥነት ያስገርማል። በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ 23 ጨዋታ በተከታታይ ሳይሸነፍ ቆየ። በሁለተኛው ዓመት ግን ነገሩ ተበላሸ፤ የገዛ ከተማው ደጋፊ ጮኸበት፤ እሱም አፉን ከፍቶ መለሰላቸው፤ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ታችኛው ሊግ ወደ መንክተን ተላከ። ተመልሶ መጣና ቦታውን ያዘ።

ኦይለርስን የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር መረዳት አለበት። ያ ቡድን ዌይን ግሬትስኪ፣ ማርክ ሜሲየር፣ ያሪ ኩሪና ፖል ኮፊ ያሉበት፣ ማጥቃት ብቻ የሚያውቅ ቡድን ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ከ400 በላይ ግብ በማግባት በኤን ኤች ኤል ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አምስቱም ወደ ፊት ይነጉዳሉ፤ ፓኳ ስትነጠቅባቸው ከኋላ ያለው ፉር ብቻ ነው። ተቃራኒው ሁለት ሆኖ፣ አንዳንዴ ሦስት ሆኖ ይመጣበታል። ስለዚህ ይገባበታል፤ ብዙ ይገባበታል። ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ፉርን ተራ በረኛ ነው ሊል ይችላል። የዚያ ዘመን የኤድመንተን ደጋፊዎች ግን ሌላ ነገር ነው የሚነግሯችሁ።

> አራት ይገባበታል፤ የምታሸንፈውን አምስተኛዋን ግን አያስገባም።

ይህን ከሴፕቴምበር 1987 በላይ የሚያሳይ የለም። በካናዳ ካፕ የአገራት ውድድር ፍጻሜ ካናዳና ሶቪየት ኅብረት ሦስት ጨዋታ ተገናኙ፤ ሦስቱም 6 ለ 5 አለቁ። የመጀመሪያውን ሶቪየቶች፣ ቀጣዮቹን ሁለት ካናዳ አሸነፈች። አስቡት፤ በሦስት ጨዋታ ፉር ላይ 16 ግብ ገብቷል። ቀይዋ መብራት 16 ጊዜ በርታበታለች። እንደዚያም ሆኖ ጨዋታውን ያዩ ሁሉ ካናዳን ያቆያት እሱ ነው ይላሉ፤ አሥራ ስድስተኛዋ ከገባች በኋላ የመጣችውን ልክ እንደ መጀመሪያዋ አድርጎ ነውና የጠበቃት። ፊቱ አይለዋወጥም። ወደ ተከላካዮቹ ዞሮ እጁን አያወናጭፍም። ውኃውን ይጎነጭና ይጠብቃል።

በወሳኝ ጨዋታዎች መካከል ባሉት የእረፍት ቀናት ጎልፍ ሲጫወት ይውል ነበር። ለጋዜጠኞች ይህ ቸልተኝነት ይመስል ነበር፤ እኔ ግን የሙያው ብልሃት ይመስለኛል። ፕላንት ፍርሃቱን በእጅ ሥራ ፈታው፤ ጭንብል አበጀለት። ሆል ከሆዱ እያወጣ ገባ። ሌላው ታላቅ በረኛ ኬን ድራይደን ደግሞ በሕግ ትምህርቱና በማሰቡ ውስጥ ሌላ ዓለም ነበረው፤ በሙያው አናት ላይ ሳለ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ትቶ ቶሮንቶ በጠበቃ ቢሮ ሠልጥኗል፤ በኋላም ጸሐፊና ሚኒስትር ሆነ። ፉር የነበረው መርሳት ነው።

በ1987–88 የውድድር ዘመን 75 ጨዋታ ቆሞ ለዓመቱ ምርጥ በረኛ የሚሰጠውን የቬዚናን ሽልማት ወሰደ። በኤድመንተን አምስት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫ አግኝቷል፤ በ1984 የመጀመሪያውን ሲያነሣም ዋንጫውን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኗል።

## ስልሳ አራት ወንበር

ኤን ኤች ኤል ውስጥ 32 ቡድን አለ። አንድ ቡድን ለጨዋታ የሚያሰልፈው ሁለት በረኛ ነው፤ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ኮፍያ ደፍቶ ይቀመጣል። በዓለም ላይ ላለው የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ በዚህ ሊግ ያለው ወንበር ስልሳ አራት ነው ማለት ነው። አጥቂ ቢሆን አራተኛ መስመር ላይም ቦታ ያገኛል። በረኛ ግን ወይ ዋናው ነው፣ ወይ ጠባቂው፣ ወይ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ በሚዞር የታችኛው ሊግ ቡድን ውስጥ ስልክ የሚጠብቅ።

ማን እንደሚሳካለትም ቀድሞ አይታወቅም። ቼኩ ዶሚኒክ ሃሼክ በ1983 የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው፤ ሰሜን አሜሪካ የደረሰው 25 ዓመት ሆኖት። ወድቆ፣ ተንከባሎ፣ ዱላውን ጥሎ በእጁ የሚያድን፣ ማንም ያላስተማረው የሚመስል በረኛ ነበር። በ1997ና በ1998 የሊጉን የምርጥ ተጫዋችነት ሽልማት ሁለት ጊዜ ወሰደ፤ ይህን ያደረገ ሌላ በረኛ የለም። በ1998 ናጋኖ ላይ አገሩን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘ።

ስለ ተቀያሪው በረኛ ኑሮ የሚጻፍ ጥቂት ነው፤ ሊጻፍ ግን ይገባዋል። በልምምድ ቀድሞ ገብቶ የሚመቱትን ሁሉ የሚቀበል እሱ ነው። በጨዋታ ቀን የተቀያሪዎቹን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሳምንታት ሳይጫወት ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ምሽት ዋናው አራት ገብተውበት ይወጣና ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ግባ ይባላል።

ሁለቱም ቢጎዱስ? ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ቶሮንቶ ላይ የሆነው ይህ ነው። የእንግዳው ቡድን የካሮላይና ሁለቱም በረኞች ተጎዱ። ለእንዲህ ያለ ቀን ባለሜዳው ለማንኛውም ቡድን የሚሆን አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ እንዲያስቀምጥ የዚያን ጊዜው ደንብ ያዝዝ ነበር። ያን ምሽት የተቀመጠው ዴቪድ ኤርስ ነበር። ዕድሜው 42፤ ሥራው የበረዶ ሜዳ የሚያለሰልሰውን መኪና ማንቀሳቀስ፤ ከዓመታት በፊት እናቱ ኩላሊቷን ሰጥታው የዳነ ሰው። ከቶሮንቶ ተጫዋቾች ጋር ልምምድ ስለሚሠራ የሚመቱትን ያውቃቸዋል። አሁን ግን በእነሱ ላይ ነው የቆመው።

መጀመሪያ የተመቱት ሁለቱ ገቡ። መብራቷ በራች፤ እንደገና በራች። የካሮላይና ልጆች እየመጡ ገምባሌውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉለት። ከዚያ የመጡትን ስምንቱንም አዳነ። ካሮላይና 6 ለ 3 አሸነፈ። በልብስ መቀየሪያው ውስጥ ውኃ ሲያርከፈክፉበት የሚያሳየውን ምስል ያየ ሰው፣ እዚያ ፊት ላይ ያለውን ደስታ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልገውም።

## ከጭንብሉ ጀርባ

ጭንብሉ ፊትን አዳነ፤ አንገት ግን ቀረ። ማርች 22 ቀን 1989 በቡፋሎ፣ በረኛውን ክሊንት ማላርቹክን መረቡ ፊት በተፈጠረ ግጭት የወደቀ ተጫዋች የጫማ ስለት አንገቱን መታው፤ ዋናው የደም ሥር ተቆረጠ። እናቱ በቴሌቪዥን እያየች መሆኑን ያውቅ ነበር፤ እየሞተ እንደሆነ ስላመነ፣ እንዳታየው ብሎ ከበረዶው ለመውጣት ተጣደፈ። የቡድኑ ወጌሻ ጂም ፒዙቴሊ በቬትናም የጦር ሜዳ ሕክምና የሠራ ሰው ነበር። የተቆረጠውን ሥር በጣቱ ይዞ ለሐኪም እስኪያደርሰው አልለቀቀውም።

ማላርቹክ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሜዳ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ይህ ጀግንነት ተብሎ ተጨበጨበለት፤ ዛሬ የአእምሮ ሐኪሞች ሲያነሡት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንቅልፍ አጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የነበረ ጭንቀት ገነፈለ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2008፣ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ በየቦታው እየሄደ ስለ አእምሮ ሕመም ይናገራል። ከወጌሻው ጣት በኋላ ስለ ነፍሱ የጠየቀው ሰው አለመኖሩ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ፉርም የመርሳትን ሌላ በር አግኝቶ ነበር። በ1990 ለዓመታት ኮኬይን ይወስድ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው፤ እሱም አመነ። ሕክምና ገብቶ ካቆመ ወዲህ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ሊጉ ግን ለአንድ ዓመት አገደው። ከወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1991፣ ዕግዱ ተነሥቶለት ሲመለስ በመጀመሪያው ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር ወጣ።

ከዚያ ኤድመንተን ለወጠችው። ቶሮንቶ፣ ቡፋሎ፣ ሎስ አንጀለስ። ቡፋሎ ላይ ቦታውን የወሰደበት ያው ሃሼክ ነው። በ1995 ሴንት ሉዊስ ሲደርስ አለቀለት ተብሎ ነበር፤ ለዝግጅት የመጣውም ከብዶ ስለነበር አሠልጣኙ ማይክ ኪናን ወደ ቤቱ መለሱት። ያኔ ያነሣው ቦብ ከርሲ ነው፤ ስሙን የአትሌቲክስ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ የጃኪ ጆይነር-ከርሲ ባለቤትና አሠልጣኝ። የሩጫ ሰው የበረዶ በረኛን ሰውነት እንደገና ሠራው። በዚያ የውድድር ዘመን ፉር 76 ጨዋታ በተከታታይ፣ በድምሩ 79 ጨዋታ ቆመ። በአንድ ዘመን ይህን ያህል የቆመ በረኛ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የለም። ከዚያ በጥሎ ማለፉ የቶሮንቶ ተጫዋች ወደቀበትና የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። 33 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዘመን ተመልሶ ቆመ።

የበረኛ አካል የሚያልቀው ከወገቡ በታች ነው። ጉልበትን ገጥሞ እግርን ወደ ሁለት ጎን ዘርግቶ መውደቅ፣ “ቢራቢሮ” የሚሉት አወዳደቅ፣ በበረኛው በፓትሪክ ሯ ዘመን ከተስፋፋ ወዲህ ዛሬ ሁሉም በረኛ ማለት ይቻላል እንደዚያ ነው የሚያድነው። ወደ መረቡ ታች የምትመጣውን ሁሉ ይዘጋል። የዳሌን መጋጠሚያ ግን ይፈጫል፤ ጡረታ ወጥተው ደረጃ ለመውጣት መደገፊያ የሚይዙ የአርባ ዓመት ሰዎች አሉ።

ፉር በ2000 ጫማውን ሰቀለ፤ 403 ድል ይዞ። በ2003 ኤድመንተን 31 ቁጥሩን ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሰቀለችለት፤ በዚያው ዓመት በሆኪ የዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ።

ጎልፉን አልተወውም። በጠዋት ሜዳው ላይ ይወጣል። ትንሿ ነጭ ኳስ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ካልመታት አትንቀሳቀስም። ከጀርባው መረብ የለም።